ከተማው በእናንተ ነው ወይስ እናንተ በከተማው?

አንድ ስብሰባ ላይ ነው። ጠዋት በር ላይ ስማችን የታተመበት ባጅ ይታደላል። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ የእሱን ተቀበለ፣ አየው፣ ሳቀ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለእኔ አሳየኝ። አያውቀኝም። ሳቁን የሚካፈለው ሰው ፈልጎ ነው መሰለኝ።

ባጁ ላይ የመጠሪያ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። ከስሩ ደግሞ በትንሹ «ከ» ይልና የአንድ ትልቅ ከተማ ስም ይከተላል። ሰውዬው ግን እዚያ ከተማ አልተወለደም፣ አልኖረምም። የቤተሰብ ስሙ ነው። ፎርሙን የሞላለት ሰው ስሙን ሲያይ ከተማ መስሎት «ከተማ» የሚለው ቦታ ላይ አስገብቶታል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የግል ሰው ነው። ብጽፈው ግን ካርታ ላይ በአንዴ ታገኙታላችሁ።

እስክሪብቶ አወጣ። «ከ» የምትለዋን ቃል በአንድ መስመር ሰረዛት። ባጁን አንገቱ ላይ አጥልቆ ገባ።

በዕረፍት ሰዓት ተገናኘን። «ሰው ሁሌ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል» አለኝ። «አንዱ ‹ከዚያ ከተማ ነህ?› ነው። ሌላው ‹ከተማው በእናንተ ቤተሰብ ነው የተሰየመው?› ነው። የሁለቱም መልስ አይደለም ነው።» እኔ ሁለተኛውን ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ቀደመኝ። ዝም ማለት ደግሞ አልሆነልኝም። «ታዲያ ከተማው በእናንተ ካልተሰየመ እናንተ ናችሁ በከተማው የተሰየማችሁት?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «የእኛ ስም ወረቀት ላይ የሚጀምረው በ1870 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አናውቅም» አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ እንደገባው ሰው። ምንም አልገባኝም ነበር። ቤት ተቃጥሎ ሰነድ ጠፍቶባቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ አመል ተጠናወተኝ። የሰውም የቦታም የሆነ ስም ባየሁ ቁጥር ማን ለማን እንደሰጠ ካላጣራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንድ ነገር ላስቀድም። የቤተሰብ ስም ስል የአባት ስም ማለቴ አይደለም። የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል፤ የልጅ ልጅ ጋ ሲደርስ የለም። የቤተሰብ ስም ግን አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት አንድ ሰው አንድ መንደር ስለኖረ ብቻ፣ ዛሬ መንደሩን ሰምቶት የማያውቅ ሰው በዚያ ስም ፓስፖርት ያወጣበታል።

ደግሞ የቦታ ስም የሚሰጠው ቦታውን ለለቀቀ ሰው ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሌላ ሊሆንም አይችልም። መንደር ውስጥ ሁሉም የዚያው መንደር ሰው ነው። በመንደሩ ስም ብትጠራው ማንን ከማን ይለያል? ወጥቶ ሌላ አገር ሲገባ ነው ሰው «ያ ከእንትን የመጣው» የሚለው። ሊዮናርዶን እዩት። በ1452 ቪንቺ አጠገብ ተወለደ፣ ኋላ ፍሎረንስ ገባ። «ዳ ቪንቺ» የቤተሰብ ስሙ እንኳ አይደለም፤ «ከቪንቺ» ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ሰው «ዳ ቪንቺ የሳለው ስዕል» ሲል ቃል በቃል «ከቪንቺ የሳለው ስዕል» እያለ ነው።

የጣልያንኛው «ዳ»፣ የፈረንሳይኛው «ደ»፣ የጀርመንኛው «ፎን»፣ ሁሉም ያቺው «ከ» ናቸው። በብዙ ቤተሰብ ግን ከጊዜ ብዛት ተፋቀች። ልጆቹ እዚያ አልተወለዱም፣ የልጅ ልጆቹ አላዩትም፣ ስለዚህ «ከ» ማለቱ ውሸት መሰለ። ቦታው ብቻ ቀረ። የባጁ ሰውዬ በእስክሪብቶ በአንድ ሴኮንድ የሠራው ነገር ብዙ ቤተሰብ ሁለት መቶ ዓመት የፈጀበት ሥራ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ለዚህ ምልክት አለው። ድሮ «ቱን» የምትባል ቃል ነበረቻቸው። መጀመሪያ የታጠረ ግቢ፣ ከዚያ እርሻ፣ ከዚያ መንደር ማለት ሆነች። ዛሬ የስም ጭራ ሆና ቀርታለች። ዋሽንግተን፣ ሂውስተን፣ ኒውተን፣ ሂልተን። በዚህ ጭራ የሚጨርስ የእንግሊዝ ስም ስትሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው አንድ መንደር አለ። ሂልተን ኮረብታ ላይ ያለች መንደር ናት። ኒውተን «አዲስ መንደር» ነው፤ ያ የስበት ሊቅ በአማርኛ ቢጠራ አቶ አዲስ መንደር ይሆን ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ሁለት ወፍጮዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ስፔን ውስጥ፣ ባስክ አገር ነው። ቦሊባር የሚሏት ትንሽ መንደር አለች። በባስክ ቋንቋ ስሟ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው፤ አንዱ ወፍጮ፣ ሌላው ሸለቆ። የወፍጮ ሸለቆ። እህል የሚፈጭበት ቦታ ነበር፣ አለቀ። ከዚያ የወጣ አንድ ቤተሰብ የመንደሩን ስም ይዞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ቬንዙዌላ ገባ። በ1783 ካራካስ ላይ ከዘሩ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ሲሞን ቦሊቫር። አድጎ የስፔንን ጦር ከደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ግማሽ አባረረ። በ1825 አንዲት አዲስ አገር ስትመሠረት በስሙ ተጠራች። ቦሊቪያ።

በዚያ አላበቃም። የቬንዙዌላ ገንዘብ ከ1879 ጀምሮ ቦሊቫር ይባላል። የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ ቦሊቫር ነው። ከተማ አለ፣ ክፍለ ሀገር አለ፣ አደባባዩንማ ተዉት። የአገሪቱ ሙሉ ስም ራሱ ከ1999 ወዲህ የቦሊቫር ሪፐብሊክ ነው። በዚያ የባስክ ሸለቆ ወፍጮውን ሲያዞር የነበረ ሰው ይህንን ቢሰማ ምን ይል ይሆን? ወፍጮው የቆመበት ቦታ በሌላው የዓለም ጫፍ አገር ሆነ፣ ተራራ ሆነ፣ ብር ሆነ።

ሁለተኛው ወፍጮ እንግሊዝ ነው ያለው፤ ደርቢሸር። ሜልበርን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ድሮ «የወፍጮ ጅረት» ማለት ነበር። እዚያ ርስት የነበራቸው አንድ ባላባት ቤተሰብ ነበሩ። የቤተሰብ ስማቸው ላም ነው፤ በእንግሊዝኛ የበግ ግልገል ማለት ነው። (በአማርኛ ስጽፈው ላም ሆኖ ቁጭ አለ። ግልገሉ አደገ፣ እኔ ምን ላድርግ።) ማዕረግ ሲሰጣቸው የማዕረጉን ስም ከርስታቸው ወሰዱት፣ ሎርድ ሜልበርን ተባሉ። ከመካከላቸው አንዱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። አውስትራሊያ ውስጥ የተቆረቆረች መንደር በ1837 በእሱ ተሰየመች።

እና ሰውዬው አቶ ላም ሆኖ ሳለ ከተማው ሜልበርን ሆነ። ከዚያ ስሙ እንደገና ወደ ሰው ተመለሰ። በ1861 እዚያው ከተማ ሔለን ሚቸል የምትባል ልጅ ተወለደች። አድጋ የኦፔራ ዘፋኝ ስትሆን ከከተማዋ ስም ቆርጣ ሜልባ ተባለች። ኔሊ ሜልባ። መንደር፣ ማዕረግ፣ ከተማ፣ ዘፋኝ። ከኋላ አንዲት ወፍጮ።

ቦሊቪያ እና ሜልበርን። ሁለቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያገናኝ ሌላ ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ሂውስተን ደግሞ አንድ ዙር ይጨምራል። ስኮትላንድ ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሂው የሚባል አንድ ሰው መሬት ያዘ። ቦታው «የሂው መንደር» ተባለ፤ ሂውስተን። ከዚያ የወጡ ሰዎች ሂውስተን ተባሉ። ከዘመናት በኋላ ሳም ሂውስተን የሚባል ጄኔራል በ1836 ለቴክሳስ ተዋግቶ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሁለት መሬት ነጋዴ ወንድማማቾች አዲስ ከተማ ሲቆረቁሩ በስሙ ጠሩት። ገበያ የሚያሞቅ ስም ነበር፤ ሰውዬው በዚያው ሰሞን የቴክሳስ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጧል። ስለዚህ ሰው ለቦታ ሰጠ፣ ቦታው ለቤተሰብ ሰጠ፣ ቤተሰቡ ሰው ወለደ፣ ሰውዬው ለከተማ ሰጠ። የባጁን ሰውዬ የጠየቅኩት ጥያቄ እዚህ ጋ መልሱ «ሁለቱም» ነው።

ኒውዮርክ ደግሞ በእንግሊዝኛ በዚያው ፊደል የሚጻፍ መንገድ አለ። ስትጠሩት ግን ሂውስተን ካላችሁ እንግዳ መሆናችሁ ታወቀ። ሀውስተን ነው። በሌላ ሰው የተሰየመ ነው፤ ከጆርጂያ የመጣ ዊልያም ሀውስተን የሚባል ፖለቲከኛ። የመሬቱ ባለቤት ልጅ ባል ነበር። የእሱ ስም ድሮ አንድ ተጨማሪ ፊደል ነበራት፣ እሷም በመንገድ ወድቃ ቀረች። በእንግሊዝኛ ሁለቱን ለመለየት መስማት ያስፈልጋል። እኔ በግዕዝ ፊደል ስጽፋቸው ግን ያለምንም ችግር ሁለት ስም ሆኑ። ፊደላችን አንዳንዴ እንዲህ ውለታ ይውላል።

አነጋገር ካነሳን ኤቨረስትን ማለፍ አይቻልም። ጆርጅ ኤቨረስት ሕንድን ይለካ የነበረው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ተተኪው ተራራውን በአለቃው ስም ልጥራው ብሎ ሲነሳ ራሱ ኤቨረስት ተቃወመ። ምክንያቱ ደስ ይላል። ስሜ በሕንድኛ አይጻፍም፣ የአገሩ ሰውም አይጠራውም አለ። አልሰሙትም። በ1865 ስሙ ጸደቀ። ይባስ ብሎ እሱና ቤተሰቡ ራሳቸውን የሚጠሩት «ኢቭረስት» ብለው ነበር። ዓለም ሁሉ «ኤቨረስት» አለ። ስለዚህ የዓለም ከፍተኛው ቦታ፣ ወደ 8,849 ሜትር፣ ባልፈለገው ሰው ስም፣ ሰውዬው ባልተጠራበት አጠራር ይጠራል። ስሙ ራሱ ደግሞ ከኖርማንዲ ከተማ ከኤቭሩ የመጣ ነው፤ «ኢቭረስት» ማለት «ያ የኤቭሩው» ነው እንግዲህ። ቲቤቶች ቾሞሉንግማ ማለታቸውን አልተዉም። ኔፓሎች ሳጋርማታ ይላሉ። ተራራውን ማንም አልጠየቀውም።

አንዳንዱ ግን ዝምድና የሌለው መመሳሰል ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ደሙ ለየቅል። ሮድስ የሚባል የግሪክ ደሴት አለ። ሴሲል ሮድስ የሚባል እንግሊዛዊ ደግሞ በአፍሪካ ሁለት አገር በስሙ አስጠራ፤ ሰሜን ሮዴዥያ እና ደቡብ ሮዴዥያ። የሰውዬው የቤተሰብ ስም ከደሴቱ ጋር አይገናኝም። ደን ተመንጥሮ የተገኘ ገላጣ መሬት ማለት ነው በድሮ እንግሊዝኛ። ሰሜኑ በ1964 ዛምቢያ ሆነ፣ ደቡቡ በ1980 ዚምባብዌ። ደሴቱ አለ።

ማሳቹሴትስ ያለችው ኒውተን ከተማም ከሊቁ ጋር አትዛመድም። እሷም አዲስ መንደር ስለነበረች ነው። ሁለቱም አዲስ መንደር፤ በየፊናቸው።

በዚህ መመሳሰል የተማረሩ ሰዎች ምን አደረጉ ካላችሁ፣ ኮሪያዎችን እዩ። በ2015 ቆጠራ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኪም የሚባሉት ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ኪም ብሎ መጥራት ምንም አይለይም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ የቤተሰቡ ምንጭ የሚባለው ቦታ አብሮ ይቆጠራል። የጊምሄ ኪም አለ፣ የግዮንግጁ ኪም አለ። ሁለቱም ኪም ናቸው፤ ዘራቸው ግን ሌላ ነው ተብሎ ይታሰባል። እኔን የሚገርመኝ ጊምሄ የሚለው ነው። የከተማው ስም የመጀመሪያ ፊደል በቻይና ጽሕፈት ኪም ከሚጻፍበት ፊደል ጋር አንድ ነው፤ ወርቅ ማለት ነው። የወርቅ ባሕር ሰው፣ ወርቅ።

ይህ ለመጽናኛ የሚወራ የዘር ሐረግ ብቻ አልነበረም። ስማቸውም ምንጫቸውም አንድ የሆነ ወንድና ሴት መጋባት በሕግ አይችሉም ነበር። የጊምሄ ኪሞች ብቻ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የሚወዱት ሰው «የየትኛው?» ተብሎ ሲጠየቅ ልባቸው የቆመ ስንት ሰው ነበር። ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ክልከላውን የሻረው በ1997 ነው። ትናንት በሉት።

ፊሊፒንስ ላይ ደግሞ ነገሩ ቢሮ ውስጥ አለቀ። በ1849 የስፔኑ ገዥ ክላቬሪያ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ይኑረው ብሎ አዘዘ፤ ግብር ለመሰብሰብ ተቸግሯል። በፊደል ተራ የተዘጋጀ የስም መዝገብ ታተመና ገጽ ገጹ ለየከተማው ታደለ። ስለዚህ የአንድ ከተማ ሰው ስሙ ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምርበት ቦታ ተፈጠረ። ስሙን ሰምተህ አገሩን ትገምታለህ። ቦታው ለሰው ስም አልሰጠም፤ የመዝገብ ገጽ ነው የሰጠው።

ቱርክም በ1934 ሰውን ሁሉ የቤተሰብ ስም ያዙ አለች። ሙስጠፋ ከማል አታቱርክ ተባለ። «የቱርኮች አባት» እንደማለት ነው። ከዚያ ያንን ስም ሌላ ሰው እንዳይይዝ በሕግ ተከለከለ። እህቱ እንኳ አታቱርክ አልተባለችም፣ አታዳን ነው የተባለችው። ስለዚህ ይህን ስም የሚጋሩት ቦታዎች ብቻ ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግድብ፣ መንገድ።

ቶዮታን የማያውቅ የለም። ታሪኩ ግን ከመኪናው ይበልጣል። ጃፓን ተራውን ሰው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ ያስገደደችው በ1875 ነው። ብዙ የጃፓን ስም አጠገብ ያለን መሬት የሚገልጽ ነው፤ ታናካ የሩዝ ማሳ መሀል፣ ያማሞቶ የተራራ ግርጌ። ቶዮዳም እንዲሁ ነው፤ ለም የሩዝ ማሳ። አዎ፣ ቶዮዳ፤ በ«ዳ»። ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን የፈለሰፈ ሰው ነው። ልጁ ኪቺሮ መኪና መሥራት ጀመረ። ስሙን ግን «ዳ»ውን ወደ «ታ» ቀየሩት። በጃፓን ፊደል ቶዮዳ ሲጻፍ አሥር ጭረት ይፈጃል፣ ቶዮታ ስምንት። ስምንት ደግሞ እዚያ መልካም ዕድል ነው። ሁለት ጭረት አራገፉና በ1937 ኩባንያው ተቋቋመ።

ፋብሪካው የተተከለው ኮሮሞ የሚባል ከተማ ላይ ነው። ኮሮሞ የሐር ከተማ ነበረች፤ የሐሩ ገበያ ሲወድቅ መኪናው ደረሰላት። በ1959 ከተማዋ ስሟን ጣለችና ቶዮታ ተባለች። ዛሬ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት አድራሻ «ቶዮታ ከተማ፣ ቶዮታ ሰፈር፣ ቁጥር 1» ነው። ከማሳ ተነስቶ ቤተሰብ፣ ከቤተሰብ መኪና፣ ከመኪና ከተማ። ኮሮሞ በሚለው ስም የቤተሰብ መዝገባቸውን የጻፉ ሰዎች ምን ተሰማቸው? ስሟን የለወጠችው ራሷ ናት፤ ግን እኔ ብሆን ቅር ይለኝ ነበር።

ዋሽንግተንን ለመጨረሻ ያቆየሁት በምክንያት ነው።

ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ዋሽንግተን የሚባል ቦታ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልያም የሚባል ባላባት ከሌላ ርስቱ ወደዚያ ሲዛወር ስሙንም ለወጠ። ድሮ ዊልያም ከሀርትበርን ነበር፣ አሁን ዊልያም ከዋሽንግተን ሆነ። «ከ»ዋ ቀስ በቀስ ወደቀች። ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ወረደ። በ1650ዎቹ ጆን የሚባለው ቨርጂኒያ ገባ። የልጁ የልጅ ልጅ በ1732 ተወለደ፤ ጆርጅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጎርፍ ነው። ዋና ከተማው በ1791 በስሙ ተጠራ፤ ሰውዬው በሕይወት እያለ። ተራራ፣ ወረዳ፣ ትምህርት ቤት፣ ድልድይ ተከተለ። በ1853 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ጫፍ አዲስ ግዛት ሲቋቋም ነዋሪዎቹ «ኮሎምቢያ» እንባል ብለው ጠየቁ። ምክር ቤቱ አሰበበት። ኮሎምቢያ ካልን ዋና ከተማው ካለበት ከኮሎምቢያ ዲስትሪክት ጋር ይምታታል ተባለ። እንዳይምታታ ብለው ዋሽንግተን አሉት። ይኸው እስከ ዛሬ «የትኛዋ ዋሽንግተን?» እንባባላለን። ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ጆርጅ ዋሽንግተን ልጅ አልወለደም። ስሙን ግን በ2000 የአሜሪካ ቆጠራ 163,036 ሰዎች ይዘውት ተገኙ። ከአሥሩ ዘጠኙ ጥቁሮች ናቸው።

እዚህ ጋ ነው ሳቄ የቆመው። ጆርጅ ዋሽንግተን በሞተበት በ1799 እርሻው ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከግማሽ በታች የሚሆኑት በሕግ የእሱ ነበሩ፣ እነሱን ነፃ ይውጡ ብሎ ተናዘዘ። ዛሬ ስሙን የያዙት ሁሉ ከዚያ እርሻ የወጡ አይደሉም። አብዛኛው ሰው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነፃ ሲወጣ የቤተሰብ ስም መዝገብ ላይ ማስፈር ነበረበት። አንዳንዱ ቀድሞም በጓዳ የሚጠራበት ስም ነበረው። አንዳንዱ የጌታውን ያዘ። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ መረጠ።

ቡከር በ1856 በባርነት የተወለደ ልጅ ነው። ነፃነት መጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ ስም መጥራት ጀመረ። ቡከር ሲሰማ ልጆቹ ሁሉ ሁለት ስም አላቸው፤ አንዳንዱ ሦስት። እሱ ከተወለደ ቡከር ብቻ ነው። ተራው እየቀረበ ነው። ኋላ ራሱ እንደጻፈው ግራ ገብቶት ነበር። መምህሩ ሙሉ ስምህ ማነው ሲለው ግን ቀዝቀዝ ብሎ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲጠራበት እንደኖረ ሰው፣ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ የመጠሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። እናቱ ሲወለድ ሌላ ስም አውጥታለት እንደነበር ያወቀው በኋላ ነው፤ ታሊያፌሮ። እሱንም መሀል አስገባው። ያ ልጅ አድጎ በ1881 የተስኪጊ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ዛሬ በእሱ ስም የተሰየሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ስሙ እንደገና ወደ ቦታ ተመለሰ ማለት ነው፤ በሌላ በር።

ስለ ቡከር ካነበብኩ በኋላ ነው የ1870ው ነገር የገባኝ። አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ትቆጥራለች። በ1850 እና በ1860 በባርነት የተያዙ ሰዎች በሌላ ቅጽ ነበር የሚቆጠሩት። ቅጹን በፎቶ አይቼዋለሁ። በግራ በኩል የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ከጎኑ መስመር በመስመር ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ሠላሳ አምስት፣ ወንድ፣ ጥቁር። ስምንት፣ ሴት፣ ጥቁር። የስም ቦታ የለም። ባዶ አይደለም፤ ቦታው ራሱ የለም። ሁሉም በየስሙ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ቆጠራ የ1870ው ነው።

ቤት አልተቃጠለባቸውም።

ከተማው በእናንተ ነው ወይስ እናንተ በከተማው ብዬ የጠየቅኩት እንግዲህ ይህንን ሰው ነው። እየሳቅኩ። እሱም በትህትና ነገረኝ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። አሁን ብጠይቀው ምን ብዬ እንደምጠይቀው አስቤ አስቤ አልመጣልኝም። ምናልባት ምንም አልጠይቀውም።

በስብሰባው ሁለተኛ ቀን ጠዋት መዝጋቢዋ አዲስ ባጅ አትማ ጠበቀችው። ይቅርታ ጠየቀች። ሁለቱ ስሞቹ በአንድ መስመር፣ በእኩል ፊደል፣ በትክክል። ተቀብሎ አመሰገናት፣ አየውና ኪሱ ከተተው። ስብሰባው እስኪያልቅ አንገቱ ላይ ያደረገው አሮጌውን ነበር፤ «ከ»ዋ የተሰረዘችበትን።